በሬ ወደማይገባበት ዘጌ

አጋሮ ላይ ተቀምጦ «ጎጃም ውስጥም ቡና ይበቅላል» የሚል ሰው ይሳቅበታል። እኛ ዘንድ ቡና የኛ ነው፤ ጎጃም ደግሞ ጤፍና በሬ ነው፤ አለቀ። እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ስል ኖሬአለሁ፤ ያውም የገዛ አባቴ የዘጌ ሰው ሆኖ! አባቴ ስለ አገሩ ብዙ አያወራም። «ሐይቅ አለ፣ ቡና አለ» ይልና ተነሥቶ ወደ ማሳው ይሄዳል። አሁን ግን ሄጄ አይቼ መጥቻለሁ። መሄድ ለማትችሉ ለትምህርት ቤታችን መምህራንና ለሰፈራችን ሰዎች፣ ያየሁትን በየቀኑ በተራ ጽፌዋለሁ።

የሄድኩት ለሽርሽር አይደለም። አባቴ በኅዳር ታመመ። ሐኪሞቹ ልቡ ደክሟል አሉን። የገና ሰሞን አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ «አስቴር፣ ዘጌ ሄደሽ ወንድሜን ቄስ ተገኘን ፈልጊልኝ። ‹በመስቀል የማልሁትን ፍታልኝ፤ ሳልፈታ አልሙት› ብሎሃል በይው። እሱ ያውቀዋል» አለኝ። ምን ምለህ ነው ብዬ ብጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አባቴ በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ግን ደጀ ሰላሙን አልፎ ገብቶ አያውቅም። ዝናብ ቢዘንብም ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ቅዱስ ቁርባን ሲቀበል አይቼው አላውቅም። ልጆች ሳለን ዓይን አፋር ነው እንል ነበር።

የጥምቀት ማግስት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ ተነሣሁ።

ሰኞ። ከአጋሮ ጎሕ ሲቀድ ተሳፈርን። እናቴ ዳቦ ቆሎ፣ አባቴ ደግሞ ለወንድሙ እንዲሆን ከጓሮው ሁለት ኪሎ ቡና አስይዘውኛል። ያለ ወረቀት ቡና ይዞ ማለፍ ክልክል መሆኑን ማን ያጣዋል? እኔ ግን ሁለት ኪሎ ማን ይቆጥራል ብዬ ከልብሴ ሥር ከተትኩት። ኬላው ላይ ፈታሹ በአንድ ጊዜ እጁ አረፈበት።

«ይኼን ወዴት ነው?»

«ዘጌ። ለአጎቴ ስጦታ ነው።»

ሰውየው የጎንደር ሰው ኖሯል፣ ከት ብሎ ሳቀ። «እቴ! ቡና ይዞ ወደ ዘጌ? ምነው ውሃ ቀድተሽ ወደ ጣና በወሰድሽ!» መኪናው ሙሉ ሰው አብሮት ሳቀብኝ። ቡናው ተወሰደ። ልወርድ ስል ግን ጠራኝና አንድ እፍኝ ዘግኖ በመሐረቤ ቋጠረልኝ። «ባዶ እጅሽን ከምትገቢ» አለኝ። በንዴት ልሰድበው አዘጋጅቼው የነበረው ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ውዬ አደርኩ።

ረቡዕ። የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ ከጎጀብ ቆላ ይብሳል። ከጎኔ የተቀመጠው መስፍን የሚባል ወጣት የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ነው፤ ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ልከውት ሁለት ዓመት ቆይቶ መጥቷል። የአጋሮ ልጅ መሆኔን ሲሰማ ወሬው ሁሉ ቡና ሆነ። እዚያ አገር ቡና ሲጠፋ እህል ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ቡና ነው ብለው ይጠጡታል አለኝ። አብረውት የሠለጠኑት ኩባዎች ደግሞ በጣት ጫፍ በምትያዝ ስኒ፣ ማር እስኪመስል በስኳር አወፍረው አንዴ ጭልጥ ያደርጉታል። ሩሲያዎቹ ሻይ ብቻ። «አንዱ ጀርመን ከምን አገር ነህ አለኝ» አለ መስፍን። «ከቡና አገር አልኩት። እንግዲያማ ጠዋት ማታ ትጠጣላችሁ አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው? እናቴ ቡና አጥታ ሽንብራ ትቆላለች ልበለው?»

እውነቱን ነበር። ማታ ደብረ ማርቆስ ያሳደሩን ባልቴት እራት አብልተው፣ እግራችንን አስታጥበው፣ ቡና አቀረቡልን። አንዴ ፉት እንዳልኩ ሽንብራውን አወቅኩት። ባልቴቲቱ ፊቴን አይተው አፈሩ። «ቡና ጠፍቶ ነው የኔ ልጅ፤ አትታዘቢን» አሉ። ያፈርኩትስ እኔ! እኛ አጋሮ ገለባውን ረግጠነው ነው የምናልፈው። መሐረቤን ፈትቼ ያችን አንድ እፍኝ ሰጠኋቸው። በእጃቸው ይዘው አሸተቱት፣ ቆሉት፣ ለጎረቤትም ላኩ። አጎቴ ዘንድ ባዶ እጄን መድረሴ ተቆረጠ፤ ግን እንደዚያ ቀን ቡና ጣፍጦኝ አያውቅም።

ሐሙስ። ባሕር ዳር የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ ተተክሎበት ሰፊ ነው፤ የኛን የአጋሮን ጭቃ ለለመደ እግር እንኳን ለመራመድ ለመቆምም ያሳፍራል። ወደ ዘጌ የምትሄደው ጀልባ ጠዋት ሄዳ ኖሯል። አልቤርጎ ፍለጋ ስዞር መስፍን ሻንጣዬን ነጥቆኝ፣ «እህት ያለው ሰው አልቤርጎ ያሳድራል እንዴ?» ብሎ ወደ ቤቱ ወሰደኝ። ሚስቱ ሳታውቀኝ አቅፋ ሳመችኝ። ለእራት ዓሣ ቀረበ። በኛ አገር ዓሣ በሥዕል ነው የምናውቀው፤ እኔም እንደ ዶሮ ጎርሼ አጥንቱ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ባል ጀርባዬን ሲመታ ሚስት ደረቅ እንጀራ ስታጎርሰኝ ጎረቤት ተሰበሰበ። ሲወርድልኝ ሁሉም እልል አሉ። እንዲህ ሆኜ ነው ከጣና ጋር የተዋወቅኩት።

ዓርብ። ጀልባዋ ሐይቁን ስትሰነጥቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። ውሃውን አይደለም። አጎቴ እምቢ ቢሉስ? «የምን ወንድም ነው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያልጠየቀኝ» ቢሉስ? አባቴን ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ? ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር ያወራሉ፣ «ሄድሁ፣ አየሁት፣ ነገርሁት» ይላሉ። አባቴ እንዲህ ሲል እኛ ልጆቹ እየደጋገምን እንስቅበት ነበር። ለካስ አንድ ጀልባ ሙሉ ሰው በአባቴ አፍ ያወራል! እንባዬ መጣ፤ ነፋሱ ነው ብዬ ጠረግኩት።

ዘጌ ከሐይቁ ብቅ ስትል ጥቁር ደን ናት። ገብታችሁ ስታዩት ደኑ ውስጡ ሁሉ ቡና ነው። የኛን ቡና የምታውቁ እዚህ ብትመጡ ትስቃላችሁ፤ ግንዱ ቀጭን፣ ቁመቱ ቤት የሚያክል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ፀሐይ ፍለጋ ተንጠራርቷል። ማንም አይገርዘውም። ለቃሚው ቅርንጫፉን በቆልማማ እንጨት ስቦ ጎንበስ ያደርገዋል። እኛ በወንፊት አልጋ ላይ የምናሰጣውን እነሱ ደጃፋቸውን ጠርገው መሬት ላይ ያሰጡታል፤ በመንገዱ ስሄድ የሰው ቡና እንዳልረግጥ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት።

አጎቴ ቄስ ተገኘ ደጃፋቸው ላይ ቡና ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ቁርጥ አባቴን! ጢሙ ብቻ ነው ልዩነቱ። የማን ልጅ መሆኔን ስነግራቸው ማገላበጫው እንጨት ከእጃቸው ወደቀ። አገላብጠው ሳሙኝ፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ ሙሉን ጠሩ፣ «የአያሌው ልጅ! የአያሌው!» እያሉ። ዓርብ ስለ ሆነ ሽሮና ጎመን ቀረበ። ቡናውን ወይዘሮ ሙሉ በተቀቀለ በቆሎ አቀረቡት። እኛ አገር ጨው ጣል ይደረግበታል ብላቸው «ወጥ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። አጎቴ ቡና አይጠጡም። የድሮ ካህናት ብዙዎቹ አይጠጡትም፤ ይተክላሉ፣ ይለቅማሉ፣ ይሸጣሉ፣ ወደ አፋቸው ግን አይደርስም። ይኼም ገረመኝ።

ከዚያ መልእክቴን ተናገርኩ። «አባባ ታሟል። ‹በመስቀል የማልሁትን ፍታልኝ፤ ሳልፈታ አልሙት› ብሎዎታል።»

አጎቴ ነጠላቸውን አጣፉ፣ መቋሚያቸውን ያዙ፣ ወጥተው ወደ ደኑ ገቡ። እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። በቃ፣ እምቢ አሉ ማለት ነው።

ወይዘሮ ሙሉም ነገሩ ምን እንደ ሆነ አያውቁም። ሊያጽናኑኝ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ቡናቸውን አሳዩኝ። የሆነ ነገር ለማለት ያህል፣ የመምህርነት አመሌም ነው፣ «እንዲህ ተጨናንቆ ምን ፍሬ ይሰጣል? ከዳር ያለውን መሬት በበሬ አርሳችሁ ጤፍ ብትዘሩበት ከመግዛት አትገላገሉም?» አልኳቸው። ሴትዮዋ አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። «ዝም! ዝም በይ የኔ ዓለም! ሰው እንዳይሰማሽ።»

ነገሩን ያኔ ነው የሰማሁት። ዘጌ አይታረስም። በሬና ላም አይገባባትም። አገሬው እንደሚለው የዘጌን ገዳም የመሠረቱት ጻድቅ መጀመሪያ ሲመጡ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡ ሳያርስ በነዚህ እንዲኖር ኪዳን ተሰጠው። ስለዚህ ቡናውን ሸጦ እህል ይገዛል፤ ቡናው ፍሬ እምቢ ያለ ዓመት ይራባል እንጂ ማረሻ አያስገባም። «አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ ወይዘሮ ሙሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ ሳልዳር በፊት፣ አንድ ጎረምሳ በሬ አስገብቶ አረሰ ይባላል። ከዚያ አገር ጥሎ ጠፋ።»

ጎረምሳው ማን እንደ ሆነ ሁለታችንም በአንድ ጊዜ ገባን። እሳቸው እጄን ያዙኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቅዳሜ። ጠዋት አጎቴ መጡ። ከቤቱ ጀርባ ወደ ሐይቁ ዘቅዘቅ ወዳለች ጠባብ ቦታ ወሰዱኝ። ቡና ተተክሎባታል። ወይዘሮ ሙሉ እንቅባቸውን ይዘው ከኋላችን መጡ።

«እዚህ ነው» አሉ አጎቴ። «እዚህ በሬ ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አባቴ አይደለም?»

«እኔ ነኝ። ጣልያን በወጣ ማግስት ቡናው አላፈራም፤ እናታችን በረኃብ ተኝታ ነበር። እኔ ዲያቆን ነበርሁ፤ ለቅስና ሦስት ወር ቀርቶኛል። ዘጌ ከየብስ ከምትያያዝበት አንገት ማዶ ካሉ ባላገሮች ጥማድ በሬ ተዋስሁ። አያሌው ‹ይቅርብን ወንድም ጋሼ፣ ኪዳን ነው› አለኝ። እኔ የተማርሁት፣ መጽሐፍ የማውቀው፣ ‹ዝም ብለህ ንዳ› አልሁት። ሁለት ትልም እንዳወጣን ሰው መጣ። እኔ ሞፈሩን ለቅቄ ደን ገባሁ። እሱ በሬዎቹን እንደ ያዘ ቆመ።»

የቡናውን ቅርንጫፍ ይዘው ቀጠሉ። «ሽማግሌዎቹ ከማን ጋር ነህ ብለው መስቀል አስያዙት። ‹ብቻዬን ነኝ› ብሎ ማለልኝ። እኔ ከሰዉ ኋላ ቆሜ እሰማዋለሁ። ለበሬው ቀኖና ሰጡት፤ የአርባ ቀን ስግደት ነው፣ ይኼው ነው፣ ያልቅ ነበር። በሐሰት የማለውን ግን ማን ይፍታው? ለንስሐ አባቱ እውነቱን ቢናገር እኔ ቅስናዬን ላጣ ነው። ሳይናገር ሊቆርብ ደግሞ ፈራ። በሦስተኛው ቀን ሄደ። አሁን አንቺ መጥተሽ ፍታልኝ ብሏል ትይኛለሽ። በምን አፌ? ያሰርሁት እኔ!»

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ሽማግሌና ቄስ ናቸው ብዬ አልራራሁላቸውም። «አባቴ አርባ ዓመት ዝናብ ላይ ቆሟል» አልኩ። «እርስዎ አርባ ዓመት ቀደሱ?»

«አርባ ዓመት» አሉ። እንባቸው በጢማቸው ወረደ። «በየቅዳሴው ስሙን እያነሣሁ። በስሙ ይህችን ቦታ ተክዬ፣ ፍሬዋን በየዓመቱ ለገዳሙ እየሰጠሁ። ልናገር እልና ሲነጋ እፈራለሁ።»

ወይዘሮ ሙሉ እንቅባቸውን መሬት አስቀመጡ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ቀስ ብለው ሄደው የባላቸውን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ነገ ይናገሩ» አሉ። «አጠገብዎ እቆማለሁ።»

እሑድ። ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ሳይበተን አጎቴ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ዋንዛ ሥር ከገዳሙ መምህር ፊት ተንበረከኩ። መምህሩ እጅግ ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ መነኩሴ ናቸው። አጎቴ ሁሉንም ተናገሩ፤ በሬውን፣ ደኑን፣ መሐላውን። ወይዘሮ ሙሉ እንዳሉት አጠገባቸው ቆሙ። እነዚህ ሰዎች ቢቆጡ፣ «የዋሸም የተዋሸለትም አይፈታም» ቢሉ፣ አባቴ አለቀለት።

ከዚያ አንድ የጃጁ ሽማግሌ ከኋላ፣ «ያን በሬ እኔም አስታውሰዋለሁ፤ አንድ ቀንዱ ጎባጣ ነበር። እንዴት ያለ በሬ ነበር!» አሉ። አንዳንዱ ሳቁ አመለጠው። መምህሩም ፈገግ ሲሉ አየሁ።

«የታናሽህ የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ። አጎቴ ነገሯቸው። መምህሩ መስቀላቸውን አንሥተው ፊታቸውን ወደ ደቡብ፣ ወደኛ አገር አዞሩ፤ በስሙ ጠርተው፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ፤ በምድርም በሰማይም የተፈታህ ሁን» አሉት፣ ፊት ለፊታቸው የቆመ ያህል። ሕዝቡ ሁሉ አሜን አለ። አለቀስኩ፤ እዚህ ደግሞ ነፋስ ነው አላልኩም።

ከዚያ ወደ አጎቴ ዞሩ። «አንተ አንድ ዓመት መቅደስ አትገባም። ከውጭ ቆመህ ታስቀድሳለህ፤ ከምእመናን ጋር የገዳሙን ቡና ትለቅማለህ። ወንድምህ አርባ ዓመት ውጭ ቆሟል፤ አንድ ዓመት አይበዛብህም።»

«አይበዛብኝም አባቴ» አሉ አጎቴ። መሬቱን ስመው ሲነሡ ፊታቸው አሥር ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መስሎ ነበር። «ቀለለኝ» አሉኝ ወደ ቤት ስንሄድ፣ ደጋግመው፣ «ቀለለኝ ልጄ።»

የመልሱን መንገድ አላስረዝምባችሁም። ባሕር ዳር ላይ የመስፍን ሚስት ዓሣ ልታበላኝ ስትል እጅ ነሥቼ እምቢ አልኩ። ደብረ ማርቆስ ባልቴቲቱ ስሜን ይዘው ጠበቁኝ። በየመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ እደርስበት ይሆን?

ዓርብ ማታ አጋሮ ገባሁ። ቤታችን በር ላይ ድንኳን አልነበረም። ተመስገን ብዬ ሮጬ ገባሁ። አባቴ ትራስ ተደግፎ ነበር፤ ከስቷል፣ ዓይኑ ግን ንቁ ነው።

«ነገርሽው?» አለኝ።

«ተፈትተሃል አባባ። መምህሩ ራሳቸው፣ በሕዝብ ፊት፣ በክርስትና ስምህ ጠርተው ፈቱህ።»

ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ፊቱ ጠቆረ። «በሕዝብ ፊት? ማን ነገራቸው?»

«አጎቴ። ሁሉንም ተናገሩ።»

ስንት ሳምንት ሙሉ ራሱን ችሎ መቀመጥ ያቃተው ሰው ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «ቅስናውን ወሰዱበት? እኔ እኮ በጓዳ እንዲፈታኝ ነበር ያልሁት! ምነው ዝም ባለ! ንገሪኝ፣ ወሰዱበት?»

«አልወሰዱበትም። አንድ ዓመት ከውጭ ቆመህ አስቀድስ አሏቸው። ‹ቀለለኝ› ብለዋል አባባ፤ ደጋግመው ‹ቀለለኝ› ብለዋል።»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ እያየችው ታለቅሳለች። በኋላ አባቴ ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ገፈፈ።

«እንግዲያ እስከ ከርሞ ጥር አልሞትም» አለ። «ተገኘ መቅደስ ሲመለስ አብሬው እገባለሁ። እስኪ ምግብ አምጡልኝ።»